ታሪክ ሽምደዳ የመሰለኝ ሴሚስተር

ይሄን የምጽፈው ለነርሲንግ ወይም ለአካውንቲንግ ብላችሁ ኮሌጅ ገብታችሁ፣ አማካሪያችሁ «የአሜሪካ ታሪክ አንድ» የሚባለውን ኮርስ ላስመዘገባችሁ ሰዎች ነው። እኔም እንደዛው ነው የገባሁት። ትምህርቴ ነርሲንግ ነው። ታሪክ ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሦስት ክሬዲት ይጎድልሻል ተባልኩ፣ ከሥራ ፈረቃዬ ጋር የሚገጥም ሰዓት ፈለግኩ፣ ተመዘገብኩ። በቃ።

በልቤ ደግሞ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ያደግኩት ደሴ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል ታሪክ ላይ የሚቀድመኝ አልነበረም። መምህራችን ኖት ያስጽፉናል፣ እኔ ማታ በቃሌ እይዘዋለሁ፣ ፈተና ላይ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር እመልስላቸዋለሁ። ቀለሜ ይሉኝ ነበር። ስለዚህ እዚህም ኮርሱ እንደተጀመረ ትልቅ ወረቀት ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ዓመት መደርደር ጀመርኩ። 1607 ጀምስታውን። 1620 ሜይፍላወር። 1676 የቤከን አመጽ። 1765 የቴምብር ቀረጥ። 1773 ቦስተን ወደብ ላይ ሻይ ባሕር ውስጥ የተጣለበት። 1776፣ 1787፣ እያለ ይቀጥላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ወደኛ መቀየር ውስጥ ከገባን አንወጣም።) በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ሞላ። በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ድርሰቴ ተመለሰልኝ። 62።

ከ100 ነው እሱ።

ጥያቄው ቨርጂኒያ ውስጥ ጀምስታውን በሚባል ቦታ የሰፈሩት እንግሊዞች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምን እንደዚያ አለቁ የሚል ነበር። እኔ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩ። በ1607 መቶ አራት ወንዶችና ልጆች ሰፈሩ፣ ከ1609 እስከ 1610 ባለው ክረምት ረሃብ ገባ፣ 500 ገደማ ከነበረው ሰው 60 ያህሉ ብቻ ተረፈ፣ ከዚያ ትምባሆ መጣና ቅኝ ግዛቱ አገገመ። አንድም የተሳሳተ ነገር የለውም። ፕሮፌሰሩ ከታች በእስክሪብቶ የጻፉት ይሄን ነበር፦ «ያነበብሽውን ነገርሽኝ። ታዲያ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ተናደድኩ። እኔ ማን ነኝና ነው የምለው? እዚያ አልነበርኩ። መጽሐፉ ያለውን አልኩ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?

ሌላም ነገር ነበር፣ እሱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይሻለኝ ነበር ግን ይጠቅማል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፉ እንዳለ ገልብጬ ነበር፣ ያለ ትምህርተ ጥቅስ። ሶፍትዌሩ ያዘኝ። ቢሮ ተጠራሁ። እኔ እኮ ስሰርቅ አልመሰለኝም። እኛ ጋ የመምህሩን ቃል እንዳለ መመለስ ጉብዝና ነው፣ ቃሉን መቀየር ነው ጥፋቱ። ይሄን እየተንቀጠቀጥኩ አስረዳሁ። ፕሮፌሰሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማልፈው» አሉና እንደገና እንድጽፈው ፈቀዱልኝ። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም። እንደኔ በኖት ያደጋችሁ ከሆነ ይሄን ከመጀመሪያው ቀን እወቁት፦ የሌላ ሰው ቃል በጥቅስ ይገባል፣ ምንጩ ይጠቀሳል፣ በራሳችሁ ቃል ብትጽፉትም እንኳ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይነገራል። ሁለት ቃል ቀይሮ መገልበጥም ስርቆት ነው የሚባለው።

ድርሰቱን ልጽፍ ስቀመጥ አንድ ነገር ሰጡኝ። ጆን ስሚዝ የሚባለው ካፒቴን የጻፈውን ገጽ። ስሚዝ የጀምስታውን መሪ ነበር፣ ሰዎቹ ሰነፎች ናቸው፣ ሥራ የማያውቁ ጨዋ ልጆች ናቸው እያለ ይጽፋል። «ይሄ ሰው ረሃቡ ሲገባ የት ነበር?» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። በ1609 መጸው ላይ ቆስሎ ወደ እንግሊዝ ተመልሷል። ያንን ክረምት አላየውም! እኔ ደግሞ «ስለሰነፉ ነው ያለቁት» የሚለውን እንደ እውነት ነበር የጻፍኩት።

ከዚያ ሌላው። ሳይንቲስቶች በዚያ አካባቢ ያረጁ ዛፎችን ቀለበት አይተው ከ1606 እስከ 1612 ከባድ ድርቅ እንደነበር ደርሰውበታል። ሰፋሪዎቹ የመጡት በድርቅ መሃል ነው። እህል የሚሰጧቸው የአገሩ ነባር ነዋሪዎች፣ የፓውሃታን ሕዝቦችም የራሳቸው እህል አልበቃቸውም፣ እንግሊዞቹ ደግሞ በመሣሪያ እያስፈራሩ ይወስዱ ነበር፣ በመጨረሻ ፓውሃታኖቹ ምሽጉን ከበቡት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ቤታችን ውስጥ የ77ቱ ረሃብ ሲወራ ነው ያደግኩት። ዝናብ ስለጠፋ ብቻ ሰው እንደዚያ እንደማያልቅ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲጠፋ፣ የሚያስተዳድረው ሰው ሳይሰማ ሲቀር እንደሚያልቅ አያቴ ስትናገር መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ አዲሱን ድርሰት «ስሚዝ ስንፍና ይላል፤ ግን ስሚዝ እዚያ አልነበረም፣ ራሱን የሚያስመሰግን ታሪክ ለመጻፍም ምክንያት ነበረው» ብዬ ጀመርኩት። ድርቁን፣ ከበባውን፣ እንግሊዞቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አንድ ላይ አያይዤ የትኛው ይበልጥ እንደሚመዝን ተከራከርኩ። 84 አገኘሁ። ያው ሰው፣ ያው ጥያቄ።

እንግዲህ የኮሌጅ ታሪክ ማለት ይሄ ነው። ሰነድ ይሰጣችኋል፣ ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ደብቆ ትላላችሁ። ከዚያ ወገን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ። ዓመቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉን ካላወቃችሁ ምክንያቱን አታገኙትም። ለምሳሌ እንግሊዝ ቀረጥ መጫን የጀመረችው ዝም ብሎ ክፋት ይዟት አይደለም፤ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው ጦርነት በ1763 ሲያልቅ ዕዳ ውስጥ ነበረች፣ ከዚያ ነው 1765 የሚመጣው። ግድግዳዬ ላይ ያለው ወረቀት ለዚህ ጠቀመኝ። ግን መነሻ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

አሁን አንድ ያስደሰተኝን ነገር ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር፣ አነጋገሬ ያሳፍረኝ ነበር። አንድ ቀን የቆዩ ደብዳቤዎች ስናነብ ተማሪው ሁሉ ግራ ተጋባ። በዲሴምበር 1675 የተጻፈ ደብዳቤ አለ፣ በፌብሩዋሪ 1675 የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ለእሱ መልስ ነው። እንዴት መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል? አንዱ ልጅ «ስሕተት ነው» አለ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ዓመታቸው የሚለወጠው በጃንዋሪ አይደለም! እጄን አወጣሁ። «እኛ አገር ጃንዋሪ ሲገባ ዓመቱ አይለወጥም፣ አዲስ ዓመታችን ሴፕቴምበር ነው፣ እነዚህም ሌላ አዲስ ዓመት ኖሯቸው ይሆናል» አልኩ። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን መቱ። ልክ ነበርኩ። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በአሮጌው የጁሊያን አቆጣጠር ነበር የሚሄዱት፣ ዓመቱም የሚለወጠው ማርች 25፣ ገብርኤል ማርያምን ያበሰረበት በዓል ቀን ነው። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1675 ከዲሴምበር 1675 በኋላ ይመጣል። በ1752 ሲቀይሩት ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ተነሡ። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ የተወለደው በአሮጌው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነው፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ሆነ። ሁለት ልደት ያለው ሰው ለኛ ብርቅ ነው እንዴ? የኔ ፓስፖርት ላይ ያለው ቀንና እናቴ የምታውቀው ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ አላፈርኩም። ፈረንጆቹ ልጆች ናቸው ቀን ሲጽፉ እኔን የሚጠይቁት።

ፊደሉም እንደዛው። በዚያ ዘመን ኅትመት ውስጥ ኤስ ፊደል ቃል መጀመሪያ ወይም መሃል ላይ ሲገባ ረዝሞ ኤፍ ይመስላል። መጀመሪያ ኮንግረስን «ኮንግረፍስ» እያልኩ ነበር የማነበው። ልክ የኛ ሠ እና ሰ ነው፣ ቅርጹ ሁለት ድምፁ አንድ። አንዴ ከለመዳችሁት አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ቃላቱ ናቸው፣ በተለይ የምታውቋቸው የሚመስሏችሁ። ዛሬ ፕላንቴሽን ስንል ትልቅ እርሻ ነው፣ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ግን ሰው የሚሰፍርበትን ቦታ ሁሉ ፕላንቴሽን ይሉታል። ኮርን ለእንግሊዙ ማንኛውም እህል ነው፣ በቆሎን «የኢንዲያን ኮርን» ነበር የሚሉት። ሰርቫንት የሚለው ቃል ደግሞ አንዳንዴ የኮንትራት ሠራተኛ ነው፣ አንዳንዴ ባሪያ ነው፣ በቨርጂኒያ ጌቶች አፍ ባሪያ ማለት ስለሚያስጠላ በጨዋ ቋንቋ ሰርቫንት ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ፣ በ1787 የተጻፈው፣ ስለ ባርነት እያወራ ባሪያ የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አይጠቅስም። «ለአገልግሎት ወይም ለሥራ የተያዘ ሰው» ይላል። ቃሉን ለምን ሸሹት? ይሄ ብቻውን ድርሰት ይወጣዋል። የኮሌጃችሁ ቤተ መጻሕፍት የኦክስፎርድን ትልቁን መዝገበ ቃላት በኦንላይን የሚሰጥ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ቃሉ በየዘመኑ ምን ማለት እንደነበር ከነዓመቱ ያሳያችኋል።

ወደ ኮንትራት ልመለስ፣ ምክንያቱም ኮርሱን ያተረፈልኝ ይሄ ነው።

ከአሜሪካ በፊት ሁለት ዓመት ከምናምን ጅዳ ነበርኩ። በኮንትራት። ስለዚህ መማሪያ መጽሐፉ ላይ «ኢንደንቸርድ ሰርቫንት» የሚለውን ሳነብ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ኮንትራት» ብዬ ጻፍኩበት። ሌላ ትርጉም አላስፈለገኝም። የመርከቡን የሚከፍልልህ ሰው አለ፣ አንተ ደግሞ አራት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት ትሠራለታለህ። ውሉ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቴ ይጻፍና እንደ መጋዝ ጥርስ በተጠማዘዘ መስመር ለሁለት ይቆረጣል። አንዱ ለጌታው፣ አንዱ ለሠራተኛው። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ይገጠማሉ፣ ጥርሱ ካልገጠመ ፎርጅድ ነው። ስሙም የመጣው ከዚያ ጥርስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ላስመጣ ባለ እርሻ 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ነበር። ሰው ባመጣ ቁጥር መሬት! ለምን እንደዚያ እንደተራወጡ ይገባችኋል።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ሁለተኛው ድርሰቴ ላይ «እነዚህ ሰዎች ልክ እንደኛ የዓረብ አገር ሠራተኞች ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። ኤ ማይነስ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስ «ልክ» የሚለው ቃል ተከቦ፣ ጎኑ ላይ «የት ላይ ይመሳሰላል? የት ላይ ይሰበራል? የሚሰበርበትን ጻፊልኝ» ይላል።

ይሄ ምክር የሴሚስተሩ ትልቁ ነገር ነው። የምታውቁት ነገር በር ይከፍታል፣ እሺ፣ ግን በሩ ላይ ቆማችሁ እንዳትቀሩ። እስከ የት እንደሚገጥም ከዚያም የት እንደማይገጥም ስትጽፉ ነው ታሪክ የሚሆነው። እኔን ማዳሜ ለሌላ ሰው አልሸጠችኝም። የዚያን ጊዜውን ሠራተኛ ግን ቀሪ ዓመቱን እንደ ዕቃ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻል ነበር። ሴቷ ካረገዘች ሕጉ ዓመት ይጨምርባታል። ብዙዎቹ ደግሞ ውላቸው ሳያልቅ ይሞታሉ።

ከዚያ ቀጥሎ ያነበብኩት የፍርድ ቤት መዝገብ እንቅልፍ ነሣኝ። 1640፣ ቨርጂኒያ። ሦስት ሠራተኞች ከአንድ ጌታ ጠፍተው ሜሪላንድ ላይ ተያዙ። አንዱ ሆላንዳዊ፣ አንዱ ስኮትላንዳዊ፣ አንዱ ጆን ፓንች የሚባል ጥቁር። ሦስቱም ተገረፉ። ሁለቱ ነጮች አራት አራት ዓመት ተጨመረባቸው። ጆን ፓንች ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተፈረደበት። ጥፋቱ አንድ፣ ጌታው አንድ፣ ቀኑ አንድ። መዝገቡ ምክንያት አይሰጥም፣ «ኔግሮ» የሚለውን ቃል ብቻ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ለመጮህ ቸኮልኩ፣ «ይኸው፣ ዘረኝነቱ ከመጀመሪያው ነበር!» ልል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ሌላ ሰነድ አወጡ። አንቶኒ ጆንሰን የሚባል፣ በ1621 ከአፍሪካ የመጣ ሰው፣ ነጻ ወጥቶ በ1651 የ250 ኤከር ባለመሬት ሆኗል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ነጭ ጎረቤቶቹን ይከራከራል፣ ጭራሽ ጆን ካሶር የሚባለውን ጥቁር ዕድሜ ልኩን የኔ ነው ብሎ አስፈርዶበታል። እህ? አሁንስ ምን ትያለሽ? ስለዚህ መልሱ «ከመጀመሪያው» የሚል አይደለም፣ «ቀስ በቀስ፣ በሕግ በሕግ» የሚል ነው። በ1662 ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ተባለ፣ እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ። በእንግሊዝ ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ ነበር፣ ገለበጡት። በ1667 ጥምቀት ከባርነት አያወጣም ተባለ። በ1676 ቤከን የሚባል ባለ መሬት በገዢው ላይ ተነሥቶ ድሆቹን ነጮችና ጥቁሮች አንድ ላይ አስታጥቆ ጀምስታውንን አቃጠለ፣ አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ባለ መሬቶቹ ከዚያ በኋላ ነው ድሃውን በቀለም መለየት ያጠበቁት ይላሉ፣ ሌሎች አይስማሙም። በ1705 ሕጎቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ኮድ ሆኑ። እዚህ ላይ አቋም መያዝ ትችላላችሁ፣ የትኛውም ቢሆን ማስረጃ ካለው ያልፋል። አቋም የሌለው ነው የማያልፈው።

የመጨረሻው ትልቅ ድርሰት ሰነድ ራሳችን መርጠን ነበር። እኔ የመረጥኩት አንድ የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ፊላዴልፊያ፣ ሜይ 1796። ያኔ ዋና ከተማዋ ፊላዴልፊያ ናት፣ ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ማስታወቂያው ከፕሬዚዳንቱ ቤት ኦና ጀጅ የምትባል ልጅ ጠፍታለች ይላል። ፊቷ ጠቃጠቆ አለው፣ ዓይኗ በጣም ጥቁር ነው፣ ፀጉሯ ችፍግ ያለ፣ ቀጠን ያለች፣ 20 ዓመት ገደማ፣ ብዙ ጥሩ ጥሩ ልብስ አላት። ከከተማው ወይም ወደብ ላይ ካለ መርከብ ይዞ ላመጣት አሥር ዶላር። ከዚያ መሃል ላይ አንዲት ሐረግ አለች፦ ትጠፋለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፣ ለመጥፋት የሚያበቃ ነገርም አልተደረገባትም፣ ስለዚህ የት እንደሄደች መገመት ይቸግራል።

ይሄን ያነበብኩት ለሊት ፈረቃ ላይ ነው። ከአረጋውያን ቤት ኮሪደር መብራት ሥር ቁጭ ብዬ። ሐረጓ ላይ ስደርስ ማዳሜ መጣችብኝ። ጎረቤት የምትሠራ የኛ ልጅ ጠፍታ ሁሩብ ተደርጋ (አሠሪዋ ጠፍታለች ብላ አስመዝግባባት)፣ ማዳም ስልክ ላይ ለእህቷ የምትለው ትዝ አለኝ፦ «ምን ጎደላት? በልታ፣ ለብሳ!» ማስታወቂያው ላይ ያለው ልብስ ለምን እንደተጠቀሰ ያኔ ገባኝ። ለመለየት ብቻ አይደለም። ምን ጎደላት ነው ነገሩ።

ግን «የት ላይ ይሰበራል» የሚለውን አልረሳሁም። የጎረቤቴ ልጅ ቢያንስ የኮንትራት ማብቂያ ነበራት። ኦና ግን የተወለደችው ቨርጂኒያ፣ ማውንት ቨርነን በሚባለው የዋሽንግተን እርሻ ነው፣ እናቷ ባሪያ ስለነበረች እሷም ናት፣ ያቺ የ1662 ሕግ ማለት ናት። ፊላዴልፊያ ያለችባት ፔንሲልቬንያ ደግሞ በ1780 ባወጣችው ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ ስድስት ወር ከቆየ ነጻ ሊወጣ ይችላል። ዋሽንግተን ይሄን ያውቃል፣ ስድስት ወር ሳይሞላ ሰዎቹን ከግዛቷ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። ኦና የጠፋችው ቤተሰቡ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ ዕቃ በሚሸክፍበት ሰሞን፣ እራት ላይ እንዳሉ ነው። ለማርታ ዋሽንግተን የልጅ ልጅ ልትሰጥ መሆኑን ሰምታለች። በመርከብ ፖርትስመዝ፣ ኒው ሃምፕሸር ደረሰች። አገኟት። ዋሽንግተንና ማርታ ሲሞቱ ነጻ የምታወጡኝ ከሆነ ልመለስ ብላ ነበር፣ ዋሽንግተን እምቢ አለ፣ ታማኝ ላልሆነ ሰው ሽልማት መስጠት ይሆናል ብሎ ጻፈ። ይሄ ደብዳቤ አለ፣ እናንተም ልታነቡት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ፋውንደርስ ኦንላይን» የሚል ድረ ገጽ አለው፣ የዋሽንግተን፣ የጀፈርሰን፣ የአዳምስ፣ የሃሚልተን፣ የፍራንክሊን፣ የማዲሰን ወረቀቶች በነጻ አሉ፣ በስምም በቀንም ይፈለጋል።

ከሁሉ የሚገርመው ኦና ራሷ ቃል ሰጥታለች። በ1840ዎቹ፣ አርጅታ፣ ድሃ ሆና፣ ሰዎች መጥተው ጠየቋት። ከዋሽንግተን ቤት ኑሮ ይሄኛው ከባድ ነው፣ አይቆጭሽም ወይ? አሏት። አይቆጨኝም፣ ነጻ ነኝ አለች። ስለዚህ ድርሰቴ ሁለት ሰነድ ፊት ለፊት አቆመ፣ 50 ዓመት የሚራራቁ። «የሚያበቃ ነገር አልተደረገባትም» የሚለውን፣ የሷንም መልስ። የሷም ቃል ቢሆን የተጻፈው የባርነት ተቃዋሚዎች ጋዜጣ ላይ ነው፣ እነሱም የሚፈልጉት ነገር አለ፣ እሱንም ጻፍኩ። በ1848 ስትሞት በሕግ ገና የጠፋች ባሪያ ነበረች፣ ኒው ሃምፕሸር የወለደቻቸው ልጆችም በሕጉ የጌቶቿ ንብረት ነበሩ። 91 አገኘሁ።

ስለ ንባቡ ትንሽ። መጀመሪያ ሳምንት ስድስት ገጽ ለማንበብ አራት ሰዓት ፈጀብኝ፣ የማላውቀውን ቃል ሁሉ ስተረጉም። አታድርጉት። መጀመሪያ የምዕራፉን መግቢያና ማጠቃለያ አንብቡ፣ ከዚያ የሳምንቱን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ ሦስቴ የተደጋገመ ቃል ካገኛችሁ ብቻ ፈልጉት። መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮፌሰሩን ጠይቁ፣ ኦፕንስታክስ የአሜሪካ ታሪክ መጽሐፍ በነጻ ይሰጣል፣ ብዙ ክፍል በሱ ነው የሚያስተምረው። ኦፊስ ሀወር (መምህሩ ቢሮው ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት) ሂዱ። እኛ መምህር ቢሮ የምንሄደው ስናጠፋ ብቻ ነው፣ እዚህ ጎበዞቹ ናቸው የሚሄዱት። ድርሰት ላይ የሚያግዟችሁ ራይቲንግ ሴንተርም ነጻ ነው፣ ግን ዋዜማው ላይ ሳይሆን ሳምንት ቀደም ብላችሁ። ቻትጂፒቲን በተመለከተ፣ አብሮኝ የሚማር ልጅ ከዚያ ያመጣው የጆን አዳምስ ጥቅስ የትም የሌለ ሆኖ ተገኘ፣ ፕሮፌሰሩ ክፍል ውስጥ ደብዳቤው የት እንዳለ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። እኔ በሱ ቦታ ሆኜ ልቤ ነበር የቆመው።

የመጨረሻው ፈተና እጅ ጽሑፍ ነው፣ በሰማያዊ ደብተር። ስልክ የለ፣ ላፕቶፕ የለ። አይተነው የማናውቅ ሰነድ ተሰጠን። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ። ዜጋ መሆን የሚችለው ሁለት ዓመት እዚህ የኖረ፣ ጠባዩ መልካም የሆነ «ነጻ ነጭ ሰው» ነው ይላል። ግሪን ካርዴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ የኔን አምስት ዓመት እየቆጠርኩ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ሦስቴ ጻፍኩት፣ ሦስቴ ሰረዝኩት፣ ምክንያቱም ንዴት ነው እንጂ ክርክር አልነበረም። ከዚያ ትንፋሼን ሰበሰብኩና ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ሳይናገር አለፈ ብዬ ጀመርኩ። «ነጻ» የሚለው ቃል ብቻውን ለምን እንዳልበቃቸው፣ ነጭ ሆኖ ነጻ ያልሆነ ማን እንደነበር፣ ያ የጥርስ ወረቀት የያዘው የኮንትራት ሠራተኛ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰባት ገጽ ሞልቼ ነበር።

የኮርሱ ውጤት ቢ ፕላስ ሆነ። ኤ ያልሰጠሁሽ ዓረፍተ ነገሮችሽ ማለቂያ ስለሌላቸው ነው ብለው ጻፉልኝ። እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ፍረዱኝ።